የውሃ ሌባውን ማን ይጫወታል?

እሑድ፣ ኦገስት 30

ከጸሎት በኋላ የፓስተሩ ሚስት ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር ጠብቃ ያዘችኝ። «ክቡር ዳኛ፣ የዘንድሮውን የነጭ እሑድ ተውኔት እርስዎ ያዘጋጁልን» አለችኝ። ልጆቻችን ነጭ ለብሰው በቤተ ክርስቲያን ተውኔት የሚያሳዩበት በዓል ነው፤ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። እናቶች ለልጆቻቸው ነጭ ጨርቅ መግዛት ጀምረዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በፍርድ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው ፊት ሳነብ የኖርሁ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ እንደ ሙሽራ ደነገጥሁ። እሺ ለማለት ግን አልዘገየሁም።

በየዓመቱ አንድ ዓይነት ታሪክ ነው የምናየው፤ ሕዝቡ ቃሉን ከልጆቹ ቀድሞ ይጨርሰዋል። ዘንድሮ ሌላ አስቤያለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያነበብሁት፣ ከአያቴ አያት በፊት የተጻፈ መጽሐፍ አለኝ። ሽፋኑ ሁለት ጊዜ ተቀይሮለታል። ታሪኩ ቀላል ነው። ጠላት የከበባት ከተማ አንድ ጉድጓድ ብቻ አላት፤ ውሃ በስኒ እየተለካ ይታደላል። አንድ ሰው ከጉድጓዱ ይሰርቃል፣ ይያዛል። የጦር አለቃው ይሙት ይላል፤ ጳጳሱ እንጸልይ ይላል። በመጨረሻ ልጇ በውሃ ጥም የሞተባትን መበለት ፍረጂ ይሏታል። እርሷም አንዲት ቃል ሳትናገር የዕለት ድርሻዋን ስኒ አምጥታ ለሌባው ታጠጣዋለች።

ደግ ሰው ማለት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝን ሁሉ ይህችን ሴት ጠቅሼለታለሁ። ከወንበሬ ሆኜ ከባድ ፍርድ ስሰጥ እንኳ ስኒዋ ይታየኝ ነበር። አሁን በገዛ መንደሬ፣ በልጆቻችን አፍ ልትናገር ነው። (አትናገርም እንጂ!) ለእህቴ ለፔኒና ስነግራት የጎደሬ ቅጠል እየጠቀለለች፣ «ልጆቹ ቆመው መጠበቅ አይችሉም፤ አሳጥረው» አለችኝ። ከዚህ ሌላ አስተያየት አልነበራትም። ደስታዬ ግን አልቀነሰም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 2

በችኮላ። የተዋናዮች ምደባ። ሁካታ። መበለት መሆን የሚፈልጉ አሥራ አንድ። የጦር አለቃ፣ ዘጠኝ። ጳጳስ፣ ስድስት፤ አንደኛው ገና ሦስት ዓመቱ ነው። የከተማው ሕዝብ የፈለገውን ያህል። ሌባ የለም።

አንዲት እናት «የእኛ ቤት ስም እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሌባ ጋር አይጠራም» ብላ ልጇን እየጎተተች ወጣች። አንድ አባት ደግሞ «ሌባው አይታይ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ያስነጥስ፣ ይበቃል» አለ። በመጨረሻ ሞሊ ተነሣ። ሞሊ የመንደሩ አፈ ቃል ነው፤ በጉባኤ በአለቆች ስም የሚናገር፣ እኔን ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲተርበኝ የኖረ። «ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ። «አሥራ አንድ መበለት አለን፣ የሞተ ባል ግን የለም። ስድስት ጳጳስ አለን፣ ኃጢአተኛ ግን የለም። እንዲህ ያለ ንጹሕ መንደር ለመንግሥተ ሰማያትም ይከብዳታል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌባው ግን አልተገኘም።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 4

ተፈታ! ሌባው ፌቱ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሉሲያ ከመንደሩ ጫፍ፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሚጀምርበት አጠገብ ምንጣፍ እየሠራች ትኖራለች። ባሏ ኢሶ የመንደሩን የዓሣ ጀልባ ሞተር ወስዶ ስለሸጠ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በአለቆች ምክር ቤት ውሳኔ ከመንደር ወጥቷል። ከባሕሩ ማዶ፣ በዋና ከተማው በአፒያ ወደብ ጭነት ይሸከማል ይባላል። በዚያ ጉባኤ፣ እንደ አለቃነት ማዕረጌ፣ በመጨረሻ የተናገርሁት እኔ ነበርሁ።

ይህ ከተውኔቱ ጋር ግንኙነት የለውም። ፌቱን የመረጥኋት ድምፅዋ ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ እስከ ኋለኛው ወንበር ይሰማል። ለሉሲያ ስነግራት «እሺ፣ ጌታዬ» አለች። ከሽመናዋ ቀና አላለችም፤ ሥራ ላይ ነበረች። የበዓሉ ኮሚቴም ወዲያው ተስማማ። እንዲህ ባለ ፍጥነት የተስማማንበት ጉዳይ ትዝ አይለኝም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

እንዲህ ያለ ከሰዓት በኋላ በሕይወቴ ስንት ጊዜ አጋጥሞኝ ይሆን? የመጀመሪያው ልምምድ ነበር። የጦር አለቃው የሞሊ የልጅ ልጅ ቫሳ ነው፤ የተሰጠው ሰይፍ የኮኮናት ዝንጣፊ ሲሆን ገና ካሁኑ ሦስት ሰው መትቶበታል። አለቃው «ከመካከላችሁ የሰረቀው ማን ነው?» ሲል የከተማው ሕዝብ ሁሉ ጣቱን ወደ ሌባው ይዘረጋል። ሠላሳ ጣት በአንድ ጊዜ! ትንንሾቹ ይህችን ቦታ ከሁሉ አብልጠው ወደዷት፤ አራት ጊዜ አስደገሙን።

ከዚያ ፌቱ ጠየቀችኝ።

«አባባ ዳኛ፣ ሰውዬው ውሃውን ለማን ነው የሚሰርቀው?»

መጽሐፉ አይናገርም አልኋት።

«ለታመመች ሚስቱ ነዋ!» አለ ቫሳ።

«ሚስት የለውም እኮ። ገጹ ላይ ብቻውን ነው የሚኖረው ይላል።»

«እንግዲያው ለውሻው ነው» አለ ጳጳሱ።

«አንተ ደግሞ! በከበባ ጊዜ ውሻ ይበላል እንጂ ይጠጣል እንዴ?»

«ለጠላት ሊሸጠው ይሆናል።»

«ጠላት ወንዙ አጠገብ ነው የሰፈረው፣ ደንቆሮ!»

አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ጣልቃ አልገባሁም። ክርክሩ ሌባው ደግ ሊሆን ይችል እንደሆነ ነበር፤ ሽማግሌዎች በወፍራም መጻሕፍት የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ በባዶ እግር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ። ወደ ቤቴ ስመለስ እያፏጨሁ ነበር። ሰው አይቶኝ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 12

ክብሪት ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ከጆንያዎቹ ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ አላዩኝም።

«ዳኛው መቼም ዓይኑ አይስትም። ሌባ ሲፈልግ የት እንደሚሄድ ያውቃል።»

«ዘር ከልጓም ይስባል።»

«መለማመድ እንኳ አያስፈልጋት።»

ክብሪቱን ገዛሁና ወጣሁ። ሕዝብ ሁልጊዜ ምክንያት ይፈጥራል። ምክንያቱ ድምፅዋ ነው።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 16

ልምምድ። ግሩም። ፌቱ ከሁሉም ትበልጣለች፤ እጆቿ ከኋላ ታስረው ስትቆም ትንንሾቹ ዝም ይላሉ። ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ላይ «ሌባዋ! ሌባዋ መጣች!» እያሉ ተከተሏት። ጠርቼ፣ ተውኔት ከቤተ ክርስቲያን በር እንደማይወጣ ነገርኋቸው። እሺ አሉ። ጥግ ሲዞሩ ሳቃቸውን ሰማሁ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 20

ሉሲያ ጸሎት አልመጣችም። ባለፈው እሑድም አልነበረችም፤ ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

በምሳ ላይ ፔኒና ከወትሮዋ ይልቅ ቀስ ብላ ትበላ ነበር። «ወንድሜ» አለች፣ «ያቺን ልጅ ለምን መረጥካት?»

«ድምፅዋ ጠንካራ ነው።»

«የሞሊ የልጅ ልጅስ? ያ ልጅ ሲያስነጥስ አሳማዎቹ አጥር ይሰብራሉ።»

«ቫሳ የጦር አለቃ ነው።»

«ማን አደረገው?»

መልስ ሰጠሁ፤ ረጅምና በደንብ የተደራጀ መልስ። ስለ ድምፅ፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ቁመት። አቋረጠችኝ፦ «አንተ ይግባኝ ስትሰማ እንዲህ ነበር የምትናገረው።» ከዚያ ሳህኖቹን አነሣች። በእኛ ዘንድ ወንድም በእህቱ ቃል የታሰረ ነው፤ የምትለውን ባልቀበልም ልንቀው አልችልም። ስለዚህ አዘዘችኝ እንዳልል አላዘዘችኝም፣ ተወችኝ እንዳልል አልተወችኝም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 23

ዝናብ። ልምምድ ቀረ። ጠዋቱን ሙሉ መጽሐፉን ከመጀመሪያው አነበብሁ፤ የጦር አለቃውን ቃል ላሳጥር አስቤ ነበር።

ሌባው እንዴት እንደተያዘ የሚናገር ክፍል አለ። ሃምሳ ዓመት ወደ መበለቲቱ ለመድረስ ስቸኩል የዘለልሁት ይመስለኛል፤ ከሁለት መስመር አይበልጥም። የጦር አለቃው ማንንም አልመረመረም። ጉድጓዱን የጠበቁትን አልጠየቀም። ወታደሮቹ በቀጥታ የሄዱት በሩ ላይ ቆሞ የሚከራከርለት ዘመድ ወደሌለው ሰው ቤት ነው። ውሃውን አገኙበት፤ እውነት ነው፣ ሰርቋል። ግን ወደ ሌላ ቤት ሄደው ቢሆን ምን ያገኙ ነበር? ደራሲው ይህን አይናገርም፤ እንደ ተራ ነገር ጽፎት ያልፋል።

ጎበዝ ደራሲ ነው። መስመሮቹን በእርሳስ አሰመርሁባቸው።

ነገ የጳጳሱን ቆብ ጉዳይ ማየት አለብኝ። ለልጁ ሰፍቶት ዓይኑን ይሸፍነዋል።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 26

ፌቱ የሌባውን ልብስ፣ ያንን የተቀደደ ጆንያ፣ አጥባና አጥፋ መልሳ አመጣች። እናቷ ከነጩ እሑድ በፊት ይዛት ወደ አፒያ ልትሻገር ነው፤ ጓዛቸውን እያሰሩ ነው። የአፒያው ዘመድ ቤት ጠባብ ነው፤ ፌቱ ሕፃን ትጠብቃለች። ለከፍተኛ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሁለት ወር የቀራት ልጅ፣ የክፍሏ አንደኛ!

«ቃሉን ለሌላ ልጅ አስተምሪ ብላኛለች እማዬ» አለችኝ።

«ለማን ታስተምሪዋለሽ?»

«ማን ይፈልጋል ብለው ነው፣ አባባ?»

ጆንያውን ተቀበልሁ። እርሷ ግን ለመሄድ አልቸኮለችም። «ለማን እንደሰረቀ አውቄዋለሁ» አለች።

«ለማን?»

«ለራሱ ነው። ጠምቶት ነበር።» ዓይኔን አየችኝ፤ እንዳልገባኝ ጠርጥራ መሰለኝ ጨመረችበት፦ «ሁሉም ለሌላ ሰው ከሆነ ብቻ ነው የሚያዝኑለት። ለራሱ ቢጠማውስ?»

ስንት ጠበቃ አዳምጫለሁ! እንዲህ ባጭሩ በፊቴ የተከራከረ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

ሉሲያ ቤት ሄድሁ። አንድ ካርቶን የታሸገ ዓሣ አሸክሜ፣ ንግግሬን በልቤ አዘጋጅቼ። ምርጡን ምንጣፍ አነጠፈችልኝ፤ ኮኮዋ በስኳር አፍልታ አቀረበች። ስለ ትምህርት ጥቅም ተናገርሁ። ስለ መንደሩ ፍቅር ተናገርሁ። ስለ ተውኔት ምንነት እንኳ ተናገርሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በየመሐሉ «እሺ፣ ጌታዬ» ትላለች። ጥግ ላይ ጓዙ እንደታሰረ ነው።

አንዲት ቀላል ቃል ነበረች መናገር የነበረብኝ። ኮኮዋውን ጠጥቼ ጨርሼ፣ አመስግኜ፣ ወጣሁ። ዓሣውን በማግሥቱ በዘመድ እጅ መለሰችልኝ፤ በጨዋ ደንብ፣ ከሁለት ዳቦ ጋር። (ይህን የጨመርሁት ረቡዕ ነው።)

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 1

ተናገርሁት!

ኮሚቴው ስለ ሌባው ሊወስን ተሰብስቦ ነበር። «ሌባውን እኔ እጫወታለሁ» አልሁ። መጀመሪያ የሰሙኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። ማዕረጉስ? የአባቶቼ ስምስ? ከሕፃናት ጋር፣ ጆንያ ለብሶ? የአጎቴ ልጅ «ማዕረጉን የሰጠንህ ቤተሰብህ ነን፤ በልጆች ጨዋታ ልታዋርደው አይደለም» ብሎ ምሰሶውን በእጁ መታ።

ሞሊ ጭኑን ይዞ ይስቅ ነበር። «ዳኛው ሌባ ከሆነ እንግዲህ እኔ መበለት ነኝ! አሥራ ሁለተኛዋ!» ሲስቅ ቆየና ድንገት ፊቱ ተለወጠ። «የምርህን ነው?» አለኝ ዝቅ ብሎ።

የምሬን እንደሆነ ነገርሁት።

የአጎቴ ልጅ ወደ ፔኒና ዞረ፤ የእህት ቃል ከሁላችን ቃል በላይ እንደሆነ ያውቃል፣ እንድትከለክለኝ ነው። እርሷም ጆንያውን ከጉልበቴ ላይ አንሥታ ዘረጋችው። «ጠቦታል» አለች። «ጎኑን ልቀጥልበት።» ስብሰባው በዚህ አበቃ።

ወደ ሉሲያ ቤት ሰው ላክሁ፦ ፌቱ ቃሉን ታስተምረኝ ዘንድ እስከ ነጩ እሑድ ይቆዩልኝ። መልሱ አጭር ነው። «እስከ እሑድ።»

ሰኞ፣ ኦክቶበር 5

መምህሬ ጨካኝ ናት። «አባባ፣ ሌባ እንዲህ ደረቱን ነፍቶ አይሄድም! ፍርድ ቤት የሚገቡ ነው የሚመስሉት።» ጎብጬ ሄድሁ። «አሁን ደግሞ ዶሮ የጠፋባቸው መሰሉ።» ቫሳ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 7

ቃሉ ይጠፋኛል። «ምሕረት አልለምንም» በሚለው ፈንታ «ይግባኝ አልጠይቅም» አልሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 9

ትናንት ማታ እንደ ልጅ እንቅልፍ አጣሁ። የመንደሩ ግማሽ ሊያየኝ፣ ግማሹ ሊያፍርብኝ ይመጣል። የአጎቴ ልጅ አልመጣም ብሏል፤ ነጭ ሸሚዙን ግን ሲያስተኩስ ፔኒና አይታዋለች።

እሑድ፣ ኦክቶበር 11

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ልጆቹ ሁሉ በነጭ፤ ፌቱም ከከተማው ሕዝብ ጋር በነጭ። ሉሲያ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ለመሄድ በሚቀልል ቦታ። በጆንያዬ ገባሁ። ሕፃናት ሳቁ፣ አዋቂዎች ዓይናቸውን ወደ መዝሙር መጽሐፋቸው መለሱ። ከጉድጓዱ ቀዳሁ። ተያዝሁ። እጄ ታሰረ። ቫሳ ሰይፉን አንሥቶ፣ አያቱ በሰጠው ጉሮሮ፣ «ከመካከላችሁ የሰረቀው ማን ነው?» ብሎ ጮኸ።

ማንም ጣቱን አልዘረጋም።

አልረሱትም። ዓይኖቻቸው በእኔ ላይ ናቸው፣ እጆቻቸው ግን ነጭ ቀሚሳቸውን ጨብጠዋል። ልጅ በሽማግሌ ላይ፣ ያውም በአለቃ ላይ፣ ጣት አይቀስርም፤ ይህን መናገር ሳይችሉ ጀምሮ ያውቁታል። አንዳችንም አላሰብንበትም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ስንለማመድ እኔ ራሴ ቃሌን ለመያዝ ስል ያችን ቦታ ዘልያታለሁ። ቫሳ ደግሞ ጠየቀ። ድምፁ ተሰነጠቀ። አንዲት ትንሽ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። የፓስተሩ ሚስት ከጎን «ጠቁሙ፣ ጠቁሙ» ትላለች።

የታሰረ እጄን ይዤ ቆሜ፣ በልምምዱ ጊዜ በፌቱ ላይ ጣታቸውን እንዴት በደስታ እንደዘረጉ አሰብሁ። አራት ጊዜ አስደግመውን ነበር። ለእነርሱ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ጣት የሚቀሰርበትና የማይቀሰርበት። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያስተማርናቸው እኛ ነን።

በተውኔቱ ውስጥ የሌለ ቃል ተናገርሁ። «ይህን ቦታ ለፌቱ የሰጠሁት ድምፅዋ ጠንካራ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። የሰጠኋት እናቷ እምቢ እንደማትለኝ ስለማውቅ ነው።» ይህን እስክናገረው ድረስ አላውቀውም ነበር ብል እዋሻለሁ። «በድያችኋለሁ፣ ሉሲያ» አልሁ። ያቺ ቀላል ቃል ይህች ነበረች።

ከዚያ ከነጭ ለባሾቹ መካከል አንድ ክንድ ወጣ። ፌቱ ብቻዋን ወደ ፊት መጣች፣ ጣቷን በቀጥታ ወደ ደረቴ ዘረጋች፣ እስከ ኋለኛው ወንበር በሚሰማው ድምፅዋ፦ «እሱ ነው!»

ቫሳ ከምሥጋና ብዛት ሊያቅፋት ነበር። ተውኔቱ ቀጠለ። መበለቲቱ ስኒዋን አመጣች፤ ጠጣሁ። ጠምቶኝ ነበር።

በምሳ ሰዓት እንደ ልማዱ ልጆች ተቀምጠው አዋቂዎች አስተናገድን። ለፌቱ ዶሮና ጎደሬ ይዤላት ሄድሁ። ሥጋውን ገልብጣ አየችና «አባባ፣ ጭኑን ለቫሳ ሰጡት እንዴ?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 13

የሰኞው ጀልባ ያለ እነርሱ ሄደ።

ዛሬ ሉሲያ ራሷ ቤቴ መጣች። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወዲያው ዕቅዴን ነገርኋት፦ ሐሙስ ምክር ቤቱ ሲቀመጥ ስለ ኢሶ መመለስ እኔ እናገራለሁ፤ ንግግሩን ጽፌዋለሁ፣ አራት ገጽ ነው፣ አለቆቹን አንድ በአንድ እንዴት እንደማሸንፋቸው ዐውቄያለሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«አይ፣ ጌታዬ» አለች።

የሰማሁት አልመሰለኝም።

«ባሌ ነው። የምናገረው እኔ ነኝ። እርስዎ እንድገባ ብቻ ያስፈቅዱልኝ።»

ማዕረግ የሌላት ሴት በምክር ቤቱ ስትናገር አይቼ አላውቅም። አስፈቅዳለሁ አልኋት። ከሄደች በኋላ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ፔኒና «ምነው፣ ደስ የሚል ነገር ሰማህ?» አለችኝ። «እምቢ አለችኝ!» አልኋት። እህቴ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 15

ተናገረች። ሦስት ደቂቃም አልፈጀባት።

ሞሊ በአለቆቹ ስም ጠየቃት፦ «ባልሽ ሞተሩን ለምን ወሰደ? የታመመ ነበር? ልጅ ተርቦ ነበር?»

«አይደለም። ሸጦ ጠጣበት።»

እንደየማዕረጋቸው በየምሰሶው ሥር የተቀመጡት አለቆች ተያዩ። ሁሉም ማዘኛ ምክንያት ሊሰጣት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አልተቀበለችም።

«ታዲያ ለምን እንዲመለስ ትፈልጊያለሽ?»

«ቤቱ ስለሆነ ነው። መጥፎ ሥራ ሠርቷል፤ ሁለት ዓመት ከፍሎበታል። እኛም ከፍለናል፣ እኔና ልጄ ምንም ሳንወስድ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።»

እንደ ልማዱ የመጨረሻው ቃል ወደ እኔ ዞረ። አራቱ ገጾች ኪሴ ውስጥ ነበሩ። «እርሷ ካለችው የምጨምረው የለኝም» አልሁ።

«መዝግቡልኝ!» አለ ሞሊ። «ዳኛው ዝም ብሏል። ይህን ቀን ልጆቻችን በዓል አድርገው ያክብሩት።» ሳቁ፣ ከዚያ ተመካከሩ፣ ተጨቃጨቁ፣ የአጎቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። በመጨረሻ ፈቀዱ። ኢሶ ቅዳሜ በሁለተኛው ጀልባ ይመጣል።

አንድ ጉዳይ ቀርቶ ነበር። የተባረረ ሰው ሲመለስ ከአለቆች አንዱ ወደብ ወርዶ ይቀበለዋል፤ በመንደሩ ፊት አብሮት በእግሩ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ዳግመኛ ቢያጠፋ ነቀፌታው በዚያ አለቃ ስም ላይም ነው። «ማን ይውረድ?» አለ ሞሊ።

ሁሉም ምንጣፉን አየ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዱ የሌለ ዝንብ አባረረ።

ማዕረጌን፣ ምሰሶዬን፣ ሰባ አንድ ዓመቴን ረሳሁና እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።